ተዋጊ አውሮፕላን ስትመርጡ መጀመሪያ ከፍታውን ጠይቁ

የእንግሊዙ ስፒትፋየር ይሻላል ወይስ የጀርመኑ ሜሰርሽሚት? የአሜሪካው ሙስታንግ ወይስ የጀርመኑ ፎከዉልፍ? የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖችን የሚወድ ሰው ሁሉ በዚህ ጉዳይ ተከራክሯል። ክርክሩም ብዙ ጊዜ የሚቋጨው በፈረስ ጉልበት ነው። አንዱ 1,500 ይላል፣ ሌላው 2,000 ይላል፣ 2,000 ያለው አሸነፈ ይባላል። ይሄ አካሄድ አያዋጣም። ቁጥሩ ብቻውን ግማሽ መረጃ ነው። ቀሪው ግማሽ "በስንት ሜትር ከፍታ ላይ?" የሚለው ነው።

ይሄን የምጽፈው በተለይ በበረራ ሲሙሌተር ለምትጫወቱና አንድ አውሮፕላን ልትገዙ ለምታስቡ ነው። አሁን በብዙዎቹ ሲሙሌተሮች እያንዳንዱ አውሮፕላን ለየብቻ ይሸጣል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ሞዴል ለምትገጣጥሙ ወይም ታሪኩን ብቻ ለምትወዱም ይጠቅማል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ አየሩ

ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በአየር ነው። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። 6,000 ሜትር ላይ ያለው አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚታፈገው። 9,000 ሜትር ላይ አርባ በመቶ እንኳ አይሞላም። በካርቡሬተር የሚሠራ አሮጌ መኪና ከአዋሽ ተነስቶ አዲስ አበባ ሲደርስ ጉልበቱ እንዴት እንደሚከዳው ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። አውሮፕላኑ ላይ የሚደርሰው ያው ነው፣ ልዩነቱ ከፍታው ሦስትና አራት እጥፍ መሆኑ ነው።

መድኃኒቱ ሱፐርቻርጀር ነው። አየሩን አምቆ ወደ ሲሊንደር የሚገፋ፣ ከሞተሩ ጋር በማርሽ የተያያዘ ማራገቢያ ማለት ነው። ችግሩ ግን ማራገቢያው የሚሠራው ለአንድ ከፍታ ታስቦ መሆኑ ነው። ለላይ ከተሠራ ታች ላይ ከመጠን በላይ ስለሚያምቅ አብራሪው ነዳጅ መስጫውን ገታ ማድረግ አለበት፣ ያለበለዚያ ሞተሩ ይፈነዳል። ለታች ከተሠራ ደግሞ ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ማስረጃ ካስፈለገ የ1940ውን ስፒትፋየር ሞተር እዩት። መርሊን 3 መሬት ላይ ሲነሳ 880 ፈረስ ጉልበት ነበረው። 5,000 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ግን 1,030። አየሩ በሳሳበት ቦታ ጉልበቱ ጨመረ! ከዚያ በላይ ሲወጣ ደግሞ መውረድ ይጀምራል። በዚያው ዓመት ባለ 100 ኦክቴን ቤንዚን (ሲታመቅ ያለጊዜው የማይፈነዳ) ሲገባለት ሞተሩ የበለጠ መታመቅን ቻለና 2,700 ሜትር ላይ 1,300 አለፈ። ሞተሩ አልተቀየረም፣ ቤንዚኑ ነው የተቀየረው። ስለዚህ "የመርሊን ጉልበት ስንት ነው?" ለሚል ሰው ሦስት የተለያየ መልስ አለው፣ ሦስቱም እውነት ናቸው።

ስፒትፋየር ወይስ ሜሰርሽሚት 109

በ1940 የሁለቱ ጉልበት ተቀራራቢ ነበር። የጀርመኑ ዳይምለር ቤንዝ 601 ባለ 12 ሲሊንደር ሆኖ 33.9 ሊትር ነው፣ መርሊን ደግሞ ባለ 12 ሆኖ 27 ሊትር። እንግሊዞቹ ትንሹን ሞተር አብዝተው ያምቃሉ፣ ጀርመኖቹ በትልቅነቱ ያካክሱታል። እውነተኛው ልዩነት ያለው ግን ነዳጁ በሚገባበት መንገድ ላይ ነው።

የጀርመኑ ሞተር ነዳጁን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ይረጫል። መርሊን ግን በተንሳፋፊ የሚሠራ ካርቡሬተር ነበረው። እስቲ አስቡት፦ አንድ ሜሰርሽሚት ከፊታችሁ ነው፣ ልትተኩሱ ነው። በድንገት አፍንጫውን ደፍቶ ወደታች ይወረወራል። እናንተም መሪውን ወደፊት ትገፋላችሁ። ሰውነታችሁ ከወንበሩ ይነሳል፣ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ነዳጅም እንዲሁ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ሞተሩ መጀመሪያ ነዳጅ አጥቶ ያስላል፣ ቀጥሎ ደግሞ ከልክ በላይ ነዳጅ ይጎርፍበትና ይታነቃል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። እስኪያገግም ድረስ ጀርመኑ ሄዷል። የእንግሊዝ አብራሪዎች መላ አበጁለት፦ መጀመሪያ በጀርባ መገልበጥ፣ ከዚያ መሪውን እየሳቡ መውረድ። ይሠራል፣ ግን ሁለትና ሦስት ሰከንድ ያስከፍላል፣ በዚህ ውጊያ ውስጥ ሁለት ሰከንድ ብዙ ነው።

ችግሩን ያቃለለችው በፋርንበሮው የምርምር ተቋም ትሠራ የነበረችው ኢንጂነር ቢያትሪስ ሺሊንግ ናት። በነዳጁ መስመር ላይ የምትገባ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የብረት ቀለበት ሠራች። ቀዳዳዋ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት የሚፈልገውን ያህል ብቻ ታሳልፋለች፣ ጎርፉን ትከለክላለች። በ1941 እሷና ቡድኗ ከአንዱ የአየር ምድብ ወደ ሌላው እየሄዱ ገጠሟት። አውሮፕላኑን ከጦር ግንባር ማውጣት እንኳ አላስፈለገም። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት የምሕንድስና ሥራዎች ሁሉ ይቺን ቀለበት አስበልጣታለሁ።

ስለዚህ የ1940 ስፒትፋየር የምትገዙ ከሆነ አፍንጫ ደፍቶ መውረድን እርሱት፣ መታጠፍ ላይ ተማመኑ። 109ን ከመረጣችሁ ደግሞ መውጫችሁ ወደታች ነው። ማወቅ ያለባችሁ ሌላ ነገር የ109 እግሮች ጠባብና ወደ ጎን የተዘረጉ መሆናቸው ነው፣ ሲነሳና ሲያርፍ ጀማሪን ያንገላታል።

በኋላ የመጣው የ109 ሞተር፣ ዳይምለር ቤንዝ 605፣ ደግሞ ውሃና ሜታኖል ቀላቅሎ የሚረጭ መሣሪያ ነበረው። ኤምደብልዩ 50 ይባላል። ድብልቁ የሚገባውን አየር ያቀዘቅዘዋል፣ ሞተሩም ነዳጁ ያለጊዜው ሳይፈነዳበት የበለጠ ይታመቃል፣ ጉልበቱም ወደ 1,800 ያድጋል። አንድ ጊዜ ከተከፈተ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይፈቀድም። የሚጠቅመው ግን ታችና መሐል ከፍታ ላይ ነው፣ ሱፐርቻርጀሩ አቅም ባጣበት ከፍታ ላይ ብትከፍቱት የረባ ነገር አይጨምርም። ለላይኛው ከፍታ ጀርመኖቹ ሌላ ዘዴ ነበራቸው፣ ናይትረስ ኦክሳይድ መርጨት። ሁለት ከፍታ፣ ሁለት መድኃኒት። በሲሙሌተር ላይ 9,000 ሜትር ወጥተው ኤምደብልዩውን ከፍተው "ለምን አይፈጥንም?" ለሚሉ ሰዎች መልሱ ይሄ ነው።

የስፒትፋየር 9 ነገር

ሁሉንም ስፒትፋየር አንድ አድርጋችሁ አትዩ። በ1941 ሁለተኛ አጋማሽ ፎከዉልፍ 190 ብቅ ሲል ስፒትፋየር 5ን በፍጥነት ጥሎት ሄደ። መልሱ መርሊን 61 ሆነ። ሱፐርቻርጀሩ ሁለት ማራገቢያ በተከታታይ ያለው፣ ሁለት የማርሽ ፍጥነት ያለው፣ በመሐሉም የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ራዲያተር ያለው ነው። ሞተሩ መጀመሪያ የታሰበው ለከፍተኛ በረራ ዌሊንግተን ቦምብ ጣይ ነበር። በ1942 አጋማሽ ስፒትፋየር 9 ላይ ተገጥሞ ወደ ውጊያ ገባ። ፍጥነቱ ከ600 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ወደ 650 አለፈ፣ ያው ክንፍ፣ ያው 27 ሊትር ሞተር።

ስፒትፋየር 9 ራሱ በሦስት ዓይነት ነው የተሠራው፦ ለዝቅተኛ፣ ለመደበኛና ለከፍተኛ ከፍታ። የሚለያቸው የሱፐርቻርጀሩ ማርሽ ነው። በሲሙሌተር ላይ ብዙውን ጊዜ የምታገኙት መርሊን 66 ያለውን የዝቅተኛ ከፍታውን ነው። ለኔ ለአጠቃላይ ውጊያ ከዚህ የተሻለ የለም። ይወጣል፣ ይታጠፋል፣ ይታዘዛል። ነዳጁ ግን ቶሎ ያልቃል፣ ሩቅ መሄድ ከፈለጋችሁ አይሆንም።

ሙስታንግ፦ አንድ አካል፣ ሁለት ዓይነት ሞተር

ለዚህ ሁሉ ንግግር ትልቁ ማስረጃ ሙስታንግ ነው። በ1940 ለእንግሊዝ ሲሠራ የአሜሪካው አሊሰን ሞተር ነበረው፣ ባለ 12 ሲሊንደር፣ 28 ሊትር፣ ወደ 1,150 ፈረስ ጉልበት። አውሮፕላኑ ታች ላይ ድንቅ ነበር። ከ4,500 ሜትር በላይ ግን ሱፐርቻርጀሩ ባለ አንድ ደረጃ (አንድ ማራገቢያ ብቻ ያለው) ስለነበር ይደክማል። በሚያዝያ 1942 የመርሊን ሠሪ የሆነው የሮልስ ሮይስ የሙከራ አብራሪ ሮናልድ ሃርከር ካበረረው በኋላ መርሊን እንዲገባበት ሐሳብ አቀረበ። በጥቅምት የመጀመሪያው መርሊን ያለው ሙስታንግ በረረ። አሊሰን የነበረው 4,000 ሜትር ላይ 615 ኪሎ ሜትር በሰዓት አካባቢ ይሮጥ ነበር። መርሊን የገባበት ደግሞ ከ7,500 ሜትር በላይ ሆኖ 700 ደረሰ። አሜሪካ ውስጥ ሞተሩን ያመረተው ፓካርድ ነው።

አሊሰን ግን መጥፎ ሞተር ነበር ማለት አይደለም። ያው አሊሰን ፒ-38 ላይትኒንግ ላይ ሲገባ ከጭስ ማውጫው በሚወጣ ጋዝ የሚሽከረከር ቱርቦ ስለተጨመረለት ላይ ላይ በደንብ ይሠራ ነበር። ፒ-39 ኤራኮብራ ላይ ደግሞ ያለ ቱርቦ ገባ፣ እንግሊዞችም አንፈልግም አሉት። የሶቪየት አብራሪዎች ግን ወደዱት፣ ከተመረቱት ግማሽ ያህሉ ወደዚያ ሄዱ። ታዋቂው ፖክሪሽኪን ብዙውን ውጊያውን የተዋጋው በሱ ነው። ምክንያቱ በምሥራቁ ግንባር ውጊያው ታች መሆኑ ነው። አውሮፕላኖቹ የሚጠብቁት በዝቅታ የሚበሩ የምድር ማጥቂያዎችን ነበር። 8,000 ሜትር ላይ ማን ይፈልጋችኋል?

ስለዚህ ሙስታንግን የምትመርጡት ለርቀትና ለከፍታ ነው። በሚጣል ተጨማሪ ታንክ 2,600 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፣ እንግሊዝ ተነስቶ በርሊን ደርሶ ይመለሳል። ነገር ግን ከወንበሩ ጀርባ ያለው ታንክ ሙሉ ከሆነ ክብደቱ ወደኋላ ስለሚያደላ አውሮፕላኑ ይወላገዳል። በዚያ ሁኔታ በኃይል ለመታጠፍ አትሞክሩ፣ መጀመሪያ ከሱ ተጠቀሙ። ሌላው ድክመት ራዲያተሩ ነው። ሆዱ ሥር ባለው ራዲያተር ወይም በቧንቧው ላይ አንዲት ጥይት ካረፈች ማቀዝቀዣው ይፈስሳል፣ ሞተሩም በደቂቃዎች ውስጥ ይነክሳል። የመርሊን፣ የዳይምለርና የአሊሰን ሁሉ የጋራ ሕመም ነው።

አንድ ሞተር፣ ሦስት አውሮፕላን

ይሄ ሕመም የሌለባቸው በአየር የሚቀዘቅዙት ናቸው። የአሜሪካው ፕራት ኤንድ ዊትኒ አር-2800 በክብ የተደረደሩ 18 ሲሊንደሮች አሉት፣ 46 ሊትር፣ 2,000 ፈረስ ጉልበት። ሲሊንደር ተመትቶበት አብራሪውን ይዞ የተመለሰ አለ። ፒ-47 ተንደርቦልት፣ ኤፍ4ዩ ኮርሴርና ኤፍ6ኤፍ ሄልካት ሦስቱም በሱ ነው የሚሄዱት። ሦስቱ ግን ፈጽሞ አይመሳሰሉም።

ተንደርቦልት በቱርቦው ዙሪያ የተሠራ አውሮፕላን ነው። ጭሱ ከሞተሩ ተነስቶ በሆዱ በኩል እስከ ጭራው አካባቢ ይሄዳል፣ እዚያ ቱርቦውን ያሽከረክራል። ቱርቦው ያመቀው አየር ቀዝቅዞ በሌላ ቱቦ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ያን ሁሉ ቱቦ ለመሸከም አካሉ መወፈር ነበረበት። ጭነቱን ይዞ 6 ቶን ይሆናል። ታች ላይ ከበድ ያለ ነው፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። 9,000 ሜትር ላይ ግን ብዙዎቹ ትንፋሽ ሲያጥራቸው እሱ ገና ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ወደ 690 ይሮጣል። በ1944 መጀመሪያ ላይ ሰፊ ምላጭ ያለው ፕሮፔለር ሲገጠምለት አወጣጡም ተሻሻለ። ሙሉ ጉልበት ስትሰጡት በሰዓት ከ1,000 ሊትር በላይ ቤንዚን ይጠጣል፣ መለኪያውን ሳታዩ አትቆዩ።

ኮርሴርና ሄልካት ቱርቦ የላቸውም፣ ባለ ሁለት ደረጃ ሱፐርቻርጀር ነው ያላቸው። ጉልበታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል። ኮርሴር ግን 670 ሲደርስ ሄልካት 610 ላይ ይቀራል። የ60 ኪሎ ሜትሩ ልዩነት የአካል ቅርጽ ነው። ሄልካት በምላሹ መርከብ ላይ ለማረፍ እጅግ ቀላል ነው፣ ኮርሴር ደግሞ በረጅም አፍንጫው የተነሳ ማረፊያውን ይጋርዳል። ከመርከብ መነሳትና ማረፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚማር ሰው ሄልካትን ይውሰድ፣ አይጸጸትም።

የጃፓኑን ተዋጊ ዜሮን ከዚህ ጎን አስቀምጡት። ሳካዬ 12 የተባለው ሞተሩ 940 ፈረስ ጉልበት ብቻ ነው፣ የሄልካትን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ባዶ ክብደቱ ግን 1,680 ኪሎ ነው። ጉልበቱን ለሙሉ ክብደቱ ብታካፍሉት ዜሮ ከሄልካት ይበልጣል እንጂ አያንስም። ታች ላይ በዝግታ ሲታጠፍ ማንም የማይደርስበት ለዚህ ነው። የተከፈለው ዋጋ ደግሞ የአብራሪው መከላከያ ብረትና ጥይት ሲነካው ራሱን የሚደፍን ታንክ አለመኖሩ ነው። በሰኔ 1942 አላስካ ውስጥ አኩታን ደሴት ላይ አንድ ዜሮ ወደቀ፣ አሜሪካኖቹ ጠግነው አበረሩት። ሁለት ነገር አወቁ፦ ፍጥነቱ ሲጨምር መሪው ይደርቃል፣ አፍንጫው ሲደፋ ደግሞ እንደ መርሊን ሞተሩ ይቆራረጣል። ዜሮ ላይ ያላችሁ ከሆነ ጠላት ወደታች ሲወረወር አትከተሉት።

ሥራውን ራሱ የሚሠራው ሞተር

ለጀማሪ የኔ ምክር ፎከዉልፍ 190 ኤ ነው። ሞተሩ ቢኤምደብልዩ 801፣ ባለ 14 ሲሊንደር፣ ወደ 1,700 ፈረስ ጉልበት። በሌሎቹ አውሮፕላኖች ላይ አብራሪው ነዳጅ መስጫውን፣ የፕሮፔለሩን ማዕዘን፣ የአየርና የነዳጁን ምጥጥን፣ የሱፐርቻርጀሩን ማርሽ እያንዳንዱን ለብቻው ይቆጣጠራል ወይም ቢያንስ ከነዚህ አንዳንዱን። 190 ላይ "ኮማንዶጌሬት" የተባለ ሜካኒካል አንጎል አለ፣ አንድ ዘንግ ስትገፉ የቀረውን ሁሉ እሱ ያስተካክላል። ዓይናችሁ ከመስኮቱ ውጭ ይሆናል ማለት ነው። እንግሊዞች ይሄን ሁሉ ያወቁት በሰኔ 1942 አርሚን ፋበር የተባለ ጀርመናዊ አብራሪ አቅጣጫ ተምታቶበት ዌልስ ውስጥ ፔምብሪ አየር ማረፊያ ላይ በሰላም ሲያርፍላቸው ነው።

ከ6,500 ሜትር በላይ ግን 190 ኤ ይደክማል። ከሙስታንግና ከተንደርቦልት ጋር እዚያ አትጋጠሙ፣ ጎትታችሁ ወደታች አምጧቸው። ላይ መዋጋት ካሰኛችሁ ዩሞ 213 ሞተር ያለው 190 ዲ-9 አለ።

ታች ለታች ለመብረር ለምትፈልጉ ሌሎች ሦስት አሉ። የሶቪየቱ ያክ-3 በ1,290 ፈረስ ጉልበት ብቻ፣ 2,700 ኪሎ ገደማ በሆነ ክብደቱ፣ ታች ላይ ያስፈራል። ሌላው የሶቪየት አውሮፕላን ላ-5ኤፍኤን 1,850 ፈረስ ጉልበት አለው፣ ነዳጁም በቀጥታ ይረጫል፣ ኮክፒቱ ግን በጣም ይሞቃል። የእንግሊዙ ቴምፔስት ደግሞ ባለ 24 ሲሊንደር ኔፒየር ሴበር ሞተር አለው፣ ከ2,000 በላይ ፈረስ ጉልበት። በ1944 አጋማሽ ወደ ለንደን ይተኮሱ የነበሩትን የጀርመን ቪ-1 የሚበሩ ቦምቦች በብዛት የመታው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ቦምቦቹ የሚመጡት ከ1,000 ሜትር በታች ነበርና። ሞተሩ ግን አስቸጋሪ ነው፣ በብርድ ሲነሳ ጣጣው ብዙ ነው።

እኛ ሰማይ ላይ

ይሄ የከፍታ ጉዳይ እኛንም ይነካል። በ1940 እና 41 ኢትዮጵያና ኤርትራ ሰማይ ላይ የጣሊያኑ ፊያት ሲአር 42 ከእንግሊዙ ግላዲያተርና ከሃሪኬን ጋር ተዋግቷል። ሃሪኬኖቹን ካበረሩት መካከል ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ። ሲአር 42 ድርብ ክንፍ ነው፣ ፍጥነቱ ከ440 አያልፍም፣ ሃሪኬን ከ500 በላይ ይሄዳል። ጣሊያኑ በመታጠፍ ይበልጣል፣ ሃሪኬኑ ውጊያውን ራሱ ሲፈልግ ይጀምራል፣ ሲፈልግ ይተዋል። ደስ የሚለኝ የጣሊያኖቹ የሞተር አሰያየም ነው። የሲአር 42 ሞተር ኤ.74 አር.ሲ.38 ይባላል፣ መጨረሻ ላይ ያለው 38 ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው 3,800 ሜትር ላይ መሆኑን ይናገራል። ሌላው ሰው ሠንጠረዥ የሚያገላብጥበትን ነገር እነሱ ስሙ ላይ ጽፈውታል።

ከጦርነቱ በኋላ በስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል ሲደራጅ ሳብ 17 ቦምብ ጣዮች መጡ፣ በ1950ዎቹም ፌሪ ፋየርፍላይ። ፋየርፍላይ የመርከብ ተዋጊ ነበር፣ ሞተሩ ግሪፎን፣ የመርሊን ታላቅ ወንድም፣ 36.7 ሊትር። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ አየሩ ባሕር ጠለል ላይ ካለው በ17 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ሱፐርቻርጀሩ ሞተሩን ያድነዋል፣ ክንፉንና ፕሮፔለሩን ግን አያድናቸውም፣ ስለዚህ ለመነሳት ረዘም ያለ ሜዳ ያስፈልጋል። ሲሙሌተራችሁ የኢትዮጵያና የኤርትራ ካርታ ካለው ይሄን ራሳችሁ ሞክሩት፣ መጀመሪያ ከምፅዋ ተነሱ፣ ከዚያ በዚያው ክብደት ከአዲስ አበባ።

ግሪፎን ያለበት ስፒትፋየር 14 ልትገዙ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ግሪፎን ከመርሊን በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚዞረው። ከስፒትፋየር 9 የመጣ ሰው ሲነሳ የለመደውን እግር ይረግጣል፣ አውሮፕላኑም ከሜዳው ይወጣል። የእግር መሪውን ማስተካከያ በሌላው በኩል አድርጉ፣ ጉልበቱንም ሲነሳ ግማሽ ያህል ብቻ ስጡት፣ መንኮራኩሩ መሬት እስኪለቅ ድረስ ያ ይበቃዋል።